ያለዎትን ኮምፒውተር በአነስተኛ ወጪ ማሻሻል፦ መቼ፣ በምንና እንዴት

ሐምሌ 22 ቀን 2016 የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ከውጭ የሚገባ ዕቃ ምን ያህል እንደተወደደ መናገር ለቀባሪው ማርዳት ነው። ኮምፒውተርም ከዚያው ውስጥ ነው። ቤት ያለው ማሽን ሲንቀራፈፍ ብዙ ሰው ከሁለት አንዱን ያደርጋል፦ ወይ እየተበሳጨ ከዓመት ዓመት ይሠራበታል፣ ወይ ተበድሮም ቢሆን ሌላ ይገዛል። ሁለቱም የማያስፈልጉበት ጊዜ ብዙ ነው። ለቢሮ ተብሎ በጥራት የተሠራ ኮምፒውተር ስምንትና አሥር ዓመት ካገለገለ በኋላም ብዙውን ጊዜ የሚጎድለው አንድ ዕቃ ብቻ ነው። ያንን ዕቃ በማስረጃ መለየትና ገንዘቡን እሱ ላይ ብቻ ማዋል ይቻላል።

መመሪያው የተጻፈው ኮምፒውተሩን ለጽሕፈት፣ ለሒሳብ ሥራ፣ ለልጆች ትምህርት፣ ለኢንተርኔትና ፊልም ለማየት ለሚጠቀም ቤተሰብ ነው። ቪዲዮ የሚያቀናብር ወይም ከባድ ጌም የሚጫወት ሰው ሌላ ስሌት ያስፈልገዋል።

ደረጃ 1፦ የሚያዘገየውን ይለዩ

ወደ ሱቅ ከመሄድዎ በፊት ይህን ያድርጉ። ኮምፒውተሩን ከከፈቱ በኋላ ሩብ ሰዓት ያህል ይታገሡ፤ ዊንዶውስ ገና ሲነሣ ራሱን ስለሚያድስና ቫይረስ ስለሚፈትሽ በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች የሚታየው መጨናነቅ ያሳስታል። ከዚያ ዘወትር የሚሠሩባቸውን ፕሮግራሞች ሁሉ ይክፈቱ። ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኢኤስሲ የተባሉትን ቁልፎች አንድ ላይ ሲጫኑ ታስክ ማናጀር የሚባለው መስኮት ይመጣል። ፐርፎርማንስ በሚለው ክፍል ውስጥ ሲፒዩ (ፕሮሰሰሩ፣ ሥራውን የሚያሰላው ክፍል)፣ ሜሞሪ (ራም፣ የተከፈቱ ፕሮግራሞች ለጊዜው የሚያርፉበት) እና ዲስክ (ፋይሎች የሚቀመጡበት) ምን ያህል እንደተጨናነቁ በመቶኛ ይታያል። አንድ ጊዜ አይቶ መዝጋት አይበቃም። ከሥራዎ ጎን ክፍት ያድርጉትና ኮምፒውተሩ ድርቅ ባለ ቁጥር ይመልከቱት።

ዲስኩ 100 በመቶ ደርሶ እዚያው ከቆየና ሜሞሪው ግን ከ70 በመቶ በታች ከሆነ የሚያዘገየው ሃርድ ዲስኩ ነው። ሜሞሪው 85 እና 90 በመቶ ላይ ከሰነበተ ራም አንሶታል። እዚህ ላይ ብዙ ጠጋኝ የሚስተው ነገር አለ፦ ራም ሲያንስ ዊንዶውስ የተረፈውን ሥራ ወደ ዲስክ ስለሚያወርድ ዲስኩም አብሮ 100 ይሞላል። ሁለቱም ከፍ ብለው ካገኟቸው መነሻው ራሙ ሊሆን ይችላል፤ ፕሮግራሞቹን አንድ በአንድ እየዘጉ ዲስኩ ይረጋ እንደሆነ ያረጋግጡ። ሲፒዩው ያለማቋረጥ ከ90 በመቶ በላይ ሲሆን ደግሞ መጀመሪያ የትኛው ፕሮግራም እንደያዘው ይመልከቱ። ስሙን የማያውቁት ፕሮግራም ከሆነ ጉዳዩ የዕቃ ሳይሆን የቫይረስ ሊሆን ይችላል።

ከዚሁ ጋር ገንዘብ የማይጠይቁትን ነገሮች ይጨርሱ። በታስክ ማናጀር ውስጥ ስታርትአፕ በሚለው ክፍል ኮምፒውተሩ ሲነሣ አብረው የሚነሡ ፕሮግራሞች ተዘርዝረዋል፤ የማይፈልጓቸውን ያስቁሙ። ሲ የተባለው ዲስክ ጢም ብሎ ከሞላ ቢያንስ 15 በመቶው ባዶ እስኪሆን ያቅልሉት። በብዙ ቤት ቦታውን የሚይዘው ከቴሌግራም የወረደ ቪዲዮ ነው።

አቧራን ለብቻው ላንሣው፣ ብዙ ገንዘብ ያለ አግባብ ያስወጣልና። የበጋው አቧራ በማራገቢያውና በሙቀት ማስወጫው ክንፎች መካከል እንደ ጨርቅ ተነጥፎ ይገኛል። አየር ሲያጣ ፕሮሰሰሩ ይግላል፤ ሙቀቱ 90 እና 100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲጠጋ እንዳይቃጠል ራሱ ፍጥነቱን ይቀንሳል። ባለቤቱ ‹‹ኮምፒውተሬ አረጀ›› ይላል፣ ማሽኑ ግን ታፍኖ ነው። ከሩብ ሰዓት ሥራ በኋላ የሚጮኽ፣ ከሥሩ የሚያቃጥል፣ አንዳንዴም በራሱ የሚጠፋ ኮምፒውተር ካለዎት ከማንኛውም ግዢ በፊት ይጸዳ። ዴስክቶፕ ከሆነ ክዳኑን ከፍተው በለስላሳ ብሩሽና በአየር ማጽዳት ይችላሉ፤ አየር ሲነፉበት ማራገቢያው እንዳይሽከረከር በጣት ይያዙት። በፕሮሰሰሩና በማቀዝቀዣው መካከል የሚቀባው ቴርማል ፔስት ከዓመታት በኋላ ይደርቃል፤ ላፕቶፕ ከሆነ ጽዳቱንም ቅባቱንም ባንድ ጊዜ በባለሙያ ያስጨርሱ። ይህ ከየትኛውም ዕቃ ያነሰ ወጪ ነው።

ሌላም ትንሽ ነገር አለ። ኮምፒውተሩ በተከፈተ ቁጥር ቀኑና ሰዓቱ ወደ ኋላ የሚመለስ ከሆነ ማዘርቦርዱ (ዕቃዎቹ ሁሉ የሚሰኩበት ዋና ሰሌዳ) ላይ ያለችው የሳንቲም መልክ ያላት ባትሪ አልቃለች። መለያዋ ሲአር2032 ነው። ቀኑ ሲሳሳት ብዙ ድረ ገጾች ደኅንነቱ አልተጠበቀም እያሉ አይከፈቱም፤ ሰዎች ኢንተርኔቱን ሲያሙ በደሉ የባትሪዋ ነው።

በመጨረሻ የሃርድ ዲስኩን ጤና ይፈትሹ። ክሪስታል ዲስክ ኢንፎ የተባለው ነፃ ፕሮግራም ዲስኩ ራሱ የመዘገበውን ሁኔታ ያሳያል፤ ሰማያዊ ደህና ነው፣ ቢጫ ጥንቃቄ፣ ቀይ ደግሞ መጥፎ። ቢጫ ወይም ቀይ ካዩ የማሻሻሉ ጉዳይ ይቆይና የዛሬ ሥራዎ ፎቶዎችንና ሰነዶችን ወደ ሌላ ቦታ መገልበጥ ይሁን።

ደረጃ 2፦ ማሽኑ ምን ዓይነት ዕቃ እንደሚቀበል ይወቁ

አራት ነገሮች ያስፈልግዎታል፦ የኮምፒውተሩ ሞዴል፣ የፕሮሰሰሩ ስም፣ የራሙ ዓይነትና የዲስኩ ቅርጽ። በስልክዎ ፎቶ አንሥተው ይያዟቸው።

የፕሮሰሰሩን ዘመን ሻጮች ጀነሬሽን ይሉታል። ኢንቴል ከሆነ ከአይ3፣ አይ5 ወይም አይ7 በኋላ ካለው ቁጥር ይነበባል። አይ5-4570 አራተኛ ጀነሬሽን ነው፣ አይ5-6300 ስድስተኛ፣ አይ5-8250 ስምንተኛ። ቁጥሩ በ10 ወይም በ11 ከጀመረ አሥረኛና አሥራ አንደኛ ማለት ነው። ‹‹ኮር አይ7 ነው›› ብቻ ብሎ የሚሸጥ ሰው ምንም አልነገረዎትም፤ ሦስተኛ ጀነሬሽን አይ7 በብዙ ሥራ ከስምንተኛ ጀነሬሽን አይ5 ያንሳል።

የራሙን ዓይነት በታስክ ማናጀር ሜሞሪ ገጽ ወይም ሲፒዩ-ዜድ በተባለው ነፃ ፕሮግራም ያገኙታል። በሜሞሪው ገጽ ላይ ስንት የራም ቦታ እንዳለና ስንቱ እንደተያዘም ይጻፋል። ዲዲአር3፣ ዲዲአር4 እና ዲዲአር5 አንዱ በሌላው ቦታ አይገባም። የላፕቶፕ ራም አጭር፣ የዴስክቶፕ ረጅም ነው። በአራተኛ ጀነሬሽን ላፕቶፖች ላይ በተለይ ይጠንቀቁ፦ ብዙዎቹ የሚፈልጉት በ1.35 ቮልት የሚሠራውን ዲዲአር3ኤል ነው፣ በ1.5 ቮልት የሚሠራው ተራ ዲዲአር3 ቢገባም ላይነሣ ይችላል። አንዳንድ ቀጫጭን ላፕቶፖች ደግሞ ራማቸው ማዘርቦርዱ ላይ የተበየደ ነው። ማክቡክ ኤርና ሌኖቮ ኤክስ1 ካርቦን እንደዚህ ናቸው፤ እነሱ ላይ ራም ለመጨመር አያስቡ።

ደረጃ 3፦ ይሻሻል ወይስ ይቀየር?

እኔ የምሄድበት ልክ ይህ ነው። ለማሻሻያው የሚያወጡት ጠቅላላ ገንዘብ፣ በዚያው ሳምንት ገበያ ላይ ያለ ስምንተኛ ጀነሬሽን ወይም ከዚያ በላይ የሆነ ያገለገለ ኮምፒውተር ከሚያወጣው ዋጋ ግማሹን ካለፈ አያሻሽሉ። ዋጋውን ሲያወዳድሩ ያሁኑ ማሽንዎ ቢሸጥ የሚያወጣውንም ያስቡ። ዕቃ አንድ በአንድ ሲገዛ ወጪው አይታወቅም፤ ዛሬ ራም፣ በወሩ ባትሪ፣ ከዚያ ኪቦርድ እያለ ሌላ ማሽን የሚገዛ ገንዘብ ያልቃል። ስለዚህ ሁሉንም አስቀድመው ወረቀት ላይ ይደምሩ።

በአንዳንድ ሁኔታ ድምሩ እንኳ አያስፈልግም። ማዘርቦርዱ አንዴ ተጠግኖ እንደገና ካስቸገረ፣ የላፕቶፑ ማጠፊያ ተሰብሮ ስክሪኑም ከተጎዳ፣ ወይም ማሽኑ ከራም 4 ጊጋ ባይት በላይ የማይቀበል ከሆነ ገንዘብዎን ለሌላ ማሽን ያጠራቅሙ።

አሁን ደግሞ የዊንዶውስ ነገር ተጨምሯል። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረውን መደበኛ የደኅንነት ማሻሻያ ጥቅምት 4 ቀን 2018 አቁሟል። ለግል ተጠቃሚዎች እስከ ጥቅምት 3 ቀን 2019 የሚዘልቅ የአንድ ዓመት ማራዘሚያ ከፍቷል፤ በማይክሮሶፍት አካውንት ገብተው የኮምፒውተሩን ቅንብር እዚያ ለሚያስቀምጡ ሰዎች ክፍያ የለውም። ዊንዶውስ 11 በበኩሉ ከኢንቴል ስምንተኛ ጀነሬሽን፣ ከኤኤምዲ ደግሞ ከራይዘን 2000 ተከታታይ ወዲህ ያሉትን፣ ቲፒኤም 2.0 የተባለው የደኅንነት ክፍል ያላቸውን ማሽኖች ነው በይፋ የሚቀበለው። ማሽንዎ ስምንተኛ ጀነሬሽን ሆኖ ‹‹አይሆንም›› ከተባሉ ቲፒኤሙ በባዮስ (ከዊንዶውስ በፊት በሚነሣው የማሽኑ ቅንብር) ውስጥ ተዘግቶ ሊሆን ይችላል፤ አስከፍተው እንደገና ይሞክሩ።

ከስምንተኛ ጀነሬሽን በታች ያሉትን ዊንዶውስ 11 አታልለው የሚጭኑ ጠጋኞች አሉ። ማይክሮሶፍት ለእንዲህ ዓይነቱ ጭነት ኃላፊነት ስለማይወስድ ማሻሻያ አንድ ቀን ሊቋረጥብዎት እንደሚችል ዐውቀው ይወስኑ። ንጹሑ አማራጭ በዊንዶውስ ፈንታ የሚጫነው ሊኑክስ ሚንት ነው። ነፃ ነው፣ በሕግ የተፈቀደ ነው፣ 22ኛው እትም እስከ 2029 እ.ኤ.አ. ማሻሻያ ያገኛል፣ በአሮጌ ማሽን ላይም ቀልጠፍ ብሎ ይሠራል። በፍላሽ ላይ ተጭኖ የኮምፒውተሩን ዲስክ ሳይነካ ስለሚነሣ ከመወሰንዎ በፊት አንድ ሁለት ቀን ይሞክሩት። ለጽሕፈትና ለሒሳብ ሰንጠረዥ የሚያገለግለው ሊብሬ ኦፊስ አብሮት ይመጣል፣ አማርኛም ይጻፍበታል። ሁለት ሰዎች ግን አይቸኩሉ። አንደኛው በፒችትሪ ሒሳብ የሚሠራው ነው፤ ፕሮግራሙ የዊንዶውስ ነው። ሁለተኛው ለዓመታት በፓወር ግእዝ ሲጽፍ የኖረው ነው፤ ከዩኒኮድ (ጽሑፍ በየትኛውም ማሽን እንዲነበብ ከሚያደርገው የፊደል አሠራር) በፊት በነበሩት ፊደሎች የተጻፉ ሰነዶቹ ፎንቶቹ በሌሉበት ማሽን ላይ የማይነበብ ምልክት ይሆኑበታል። እነዚህን ወደ ዩኒኮድ ሳይለውጡ ዊንዶውስን አይልቀቁ።

ደረጃ 4፦ በምን ይጀመር?

ዊንዶውሱን የያዘው ዲስክ የሚሽከረከር ሃርድ ዲስክ ከሆነ መልሱ ሁልጊዜ ማለት ይቻላል አንድ ነው፦ ኤስኤስዲ። በዚህ ጉዳይ አላመነታም። ሃርድ ዲስክ በደቂቃ 5,400 ወይም 7,200 ጊዜ የሚሽከረከር ሳሕንና የምትንቀሳቀስ መርፌ ያለው መሣሪያ ነው። መርፌዋ አንድ መረጃ ካለበት ቦታ ለመድረስ አሥር ሚሊ ሰከንድና ከዚያ በላይ ትወስዳለች፤ ኤስኤስዲ የሚንቀሳቀስ ነገር ስለሌለው አንድ አሥረኛ ሚሊ ሰከንድ ገደማ ይበቃዋል። ዊንዶውስ ሲነሣ የሚያነበው በሺሕ የሚቆጠሩ ትናንሽ ፋይሎችን ስለሆነ ልዩነቱ በዓይን የሚታይ ነው። ሦስትና አራት ደቂቃ ሲያስጠብቅ የነበረ ማሽን ከአንድ ደቂቃ ባነሰ ጊዜ ለሥራ ይደርሳል።

ለቤት አገልግሎት 256 ጊጋ ባይት ይበቃል። ዴስክቶፕ ከሆነ አሮጌው ሃርድ ዲስክ ጤነኛ እስከሆነ ድረስ ለፊልምና ለፎቶ ማከማቻ እዚያው ይቆይ። የዲቪዲ ማጫወቻ ያለው ላፕቶፕ ከሆነም ካዲ በምትባል መያዣ አሮጌውን ዲስክ በማጫወቻው ቦታ ማስገባት ይቻላል።

ሃርድ ዲስክ በሚገባበት ቦታ ሁሉ የሚገባው 2.5 ኢንች ሳታ የሚባለው ኤስኤስዲ ነው። ኤም.2 የሚባለው እንደ ማስቲካ ቀጭን የሆነው ነው፤ ነገር ግን ኤም.2 የቅርጽ ስም እንጂ የአሠራር ስም አይደለም። በዚያው ቅርጽ ሳታም አለ፣ ኤንቪኤምኢም አለ፤ ሁለቱ ዲስኩ ከማሽኑ ጋር የሚነጋገርባቸው የተለያዩ መንገዶች ናቸው፣ አንዱን የሚቀበል ማሽን ሌላውን ላይቀበል ይችላል። የአራተኛ ጀነሬሽን ዘመን ኮምፒውተሮች አብዛኞቹ ከኤንቪኤምኢ አይነሡም። ኤችፒ ኤሊትቡክ 840 ጂ3 ለሁለቱም ቅርጾች ቦታ አለው። በሞዴልዎ ላይ ያለውን እርግጠኛ ካልሆኑ ክዳኑን አስከፍተው አይተው ይግዙ።

ቀጥሎ ራም ነው። ለዊንዶውስ 10 እና 11 ዛሬ 8 ጊጋ ባይት መነሻ ነው። 4 ካለዎትና ባዶ ቦታ ካለ ያንኑ ዓይነት ሌላ 4 መጨመር ከሁሉ ርካሹ መንገድ ነው፣ ሁለት እኩል ራሞች ጎን ለጎን ሲሠሩም ፍጥነት ይጨምራሉ። 16 የሚያስፈልገው ብዙ ገጽና ብዙ ፕሮግራም አንድ ላይ የሚከፍት ሰው ነው። የደረጃ 1 ምርመራ ሜሞሪዎ 60 በመቶ ላይ እንደሆነ ከነገረዎት ራም ቢጨምሩ ልዩነቱን አያዩትም።

ከ2025 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ወራት ጀምሮ የሰው ሠራሽ አስተውሎት የመረጃ ማዕከላት ምርቱን ስለሚሻሙ የራም ዋጋ በዓለም ገበያ በጣም ከፍ ብሏል። ስለዚህ ከተበላሹ ማሽኖች የወጣ ራም ይፈልጉ፤ ራም ብዙም የማይበላሽ ዕቃ ነው፣ ተፈትኖ ሲሰጥ አሮጌ መሆኑ አያስፈራም። አዲስ ኮምፒውተር ለመግዛት ከወሰኑም በቂ ራም ያለውን አንድ ጊዜ ይግዙ።

ላፕቶፕ ላይ ባትሪም ማሻሻያ ነው። የደከመ ባትሪ ያለው ላፕቶፕ መብራት በጠፋ ቁጥር ድንገት ይሞታል፣ ፋይል የሚበላሸውም ያን ጊዜ ነው። ሙሉ ቻርጅ አድርገው ከሶኬት ነቅለው ፊልም ይክፈቱበት፤ ግማሽ ሰዓት ካልሞላ ይቀየር። ያበጠ ባትሪ ግን ለነገ አይባልም። የመዳሰሻ ሰሌዳው ወደ ላይ ከተነሣ ወይም ክዳኑ ገጥሞ አልዘጋ ካለ ወዲያው ያጥፉት፣ ቻርጅ አያድርጉት፣ አይውጉት፣ በባለሙያ ያስወጡት።

ፕሮሰሰር መቀየር የሚያዋጣው በዴስክቶፕ ላይ ብቻ ነው፣ እሱም አልፎ አልፎ። አይ3-4130 ያለበት ዴል ኦፕቲፕሌክስ በዚያው ሶኬት ላይ አይ5-4570 ይቀበላል፤ ያገለገለው በርካሽ ከተገኘ መልካም ነው። ለላፕቶፕ አያስቡት። ግራፊክስ ካርድም ለተለመደ የቤት ሥራ አያስፈልግም።

ደረጃ 5፦ ሳይታለሉ መግዛት

በገበያው ላይ የሐሰት ኤስኤስዲና ፍላሽ አለ። ሽፋኑ 1 ቴራ ባይት ይላል፣ ኮምፒውተሩም እንደዚያው ያሳያል፣ ውስጡ ያለው ግን ከዚያ በጣም ያነሰ ነው፤ ሲሞላ የመጀመሪያዎቹን ፋይሎች እየደመሰሰ ይቀጥላል። ዋጋው ከሌሎቹ ሱቆች በግማሽ ያነሰ ከሆነ አይግዙ። የገዙትንም መረጃ ሳይጭኑበት ኤች2ቴስትደብልዩ (h2testw) በተባለው ነፃ ፕሮግራም ያስፈትኑ፤ ዲስኩን እስከ ጫፍ ሞልቶ መልሶ ያነበዋል። ያገለገለ ኤስኤስዲ ከሆነ ክሪስታል ዲስክ ኢንፎ የቀረውን ዕድሜ በመቶኛ ያሳያል፣ ስንት ሰዓት እንደሠራም ጭምር።

ለዴስክቶፕ ከሚቀርበው ራም መካከል በጣም ርካሽ የሆነ ካዩ የሰርቨር (ብዙ ሰው በአንድ ጊዜ የሚያገለግል የድርጅት ኮምፒውተር) መሆን አለመሆኑን ይጠይቁ። ራሙ ላይ ከተለጠፈው ጽሑፍ ፒሲ3-12800 ከሚለው ቀጥሎ ‹‹አር›› የምትለዋ የላቲን ፊደል ካለች የሰርቨር ነው፣ ቤት ባለው ዴስክቶፕ ላይ አይሠራም።

መርካቶም ይሁን ሌላ ቦታ ሲገዙ ማሽንዎን ይዘው ይሂዱ፣ ዕቃው እዚያው ገብቶ ሲሠራ ይዩ። ደረሰኝ ይቀበሉ፣ ዕቃው እንከን ከተገኘበት በስንት ቀን ውስጥ እንደሚቀየር ደረሰኙ ላይ ያጽፉ። የቃል ዋስትና ሻጩ የዚያን ቀን ሱቅ ውስጥ ካልተገኘ ዋጋ የለውም።

ዘመድ ከአሜሪካ የሚያመጣልዎት ከሆነ ሦስት ነገር አደራ ይበሏቸው። አንደኛ፣ በዴስክቶፕ ጀርባ ላይ 115 እና 230 የሚል ቀይ ማብሪያ ካለ እዚህ ሶኬት ላይ ከመሰካቱ በፊት ወደ 230 ይዙር። የእኛ መብራት 220 ቮልት ነው፤ በ115 ላይ እንደተተወ ከተሰካ ፓወር ሰፕላዩ ወዲያው ይቃጠላል። የላፕቶፕ ቻርጀር ላይ ደግሞ 100–240 የሚል ጽሑፍ ካለ ስጋት የለም። ሁለተኛ፣ መለዋወጫ የላፕቶፕ ባትሪ በአውሮፕላን የሚጓዘው በእጅ ቦርሳ እንጂ በሚጫን ሻንጣ አይደለም። ሦስተኛ፣ ከድርጅት የወጣ ላፕቶፕ ብዙ ጊዜ በባዮስ የይለፍ ቃል ወይም በድርጅቱ የርቀት ቁጥጥር የተቆለፈ ነው። ከመግዛታቸው በፊት ማሽኑን አስነሥተው ዴል ከሆነ ኤፍ2፣ ኤችፒ ከሆነ ኤፍ10፣ ቲንክፓድ ከሆነ ኤፍ1 ይጫኑ፤ የይለፍ ቃል ከጠየቀ ይተዉት። ማክ ከሆነ የቀድሞው ባለቤት ከአካውንቱ መውጣቱን ያረጋግጡ።

ደረጃ 6፦ ሥራው

መጀመሪያ መጠባበቂያ። ሰነዶችን፣ ፎቶዎችን፣ ዴስክቶፕ ላይ ያለውን ሁሉ፣ ከቴሌግራም ያወረዱትንም ወደ ሌላ ዲስክ ይገልብጡ፤ ከዚያ በሌላ ኮምፒውተር ላይ ጥቂቱን ከፍተው ይዩ። የፒችትሪ ሒሳብ ከፕሮግራሙ በራሱ የመጠባበቂያ ትእዛዝ ይውጣ እንጂ ማኅደሩን መገልበጥ ላይበቃ ይችላል። በኢንተርኔት አሳሹ (ብራውዘሩ) ውስጥ የተቀመጡ የይለፍ ቃሎችን አይርሱ። ዲስኩ በቢትሎከር (በዊንዶውስ የዲስክ መቆለፊያ) የተቆለፈ ከሆነ ባለ 48 አኃዙን የመክፈቻ ቁጥር ሳይጽፉ ምንም አይንኩ።

ከዚያ አሮጌውን ዲስክ እንዳለ ወደ አዲሱ መገልበጥ ወይም ዊንዶውስን በአዲስ መጫን አለ። ለመገልበጥ ክሎንዚላ የተባለው ፕሮግራም ነፃ ነው። እኔ ግን በአዲስ መጫንን እመርጣለሁ፤ የዓመታት ዝርክርክ ፕሮግራምና ቫይረስ ወደ አዲሱ ዲስክ ተከትሎ አይመጣም። ሕጋዊ ዊንዶውስ 10 ወይም 11 ከነበረዎት ፈቃዱ ከማዘርቦርዱ ጋር የተያያዘ ስለሆነ ዲስክ በመቀየርዎ አይጠፋም፣ ኢንተርኔት ሲያገኝ ራሱን ያውቃል። ፕሮግራሞችን ያለ ፈቃድ የሚከፍት ሰባሪ ፕሮግራም ከማይታወቅ ቦታ አውርደው አይጫኑ፤ የባንክ ይለፍ ቃል የሚሰርቀው ብዙ ጊዜ በዚያ በር ይገባል።

በቂ ኢንተርኔት ባለበት ቦታ 8 ጊጋ ባይት በሚይዝ ፍላሽ ላይ ሚዲያ ክሪኤሽን ቱል በተባለው የማይክሮሶፍት ፕሮግራም ዊንዶውስን ያዘጋጁ። ከዚያ፦

1. ኮምፒውተሩን አጥፍተው ከሶኬት ይንቀሉ። ላፕቶፕ ከሆነ ባትሪውን ያውጡ ወይም ገመዱን ይንቀሉ። ማብሪያውን ለአሥር ሰከንድ ያህል ተጭነው ይያዙ፣ የቀረው ኤሌክትሪክ እንዲወጣ።

2. የዴስክቶፑን ብረት በእጅዎ ነክተው ሥራ ይጀምሩ። ልክ የሆነ ካቻቢቴ ይጠቀሙ፤ ያለ ልኩ የተፈታ ብሎን ጭንቅላቱ ተበልቶ ይቀራል። ብሎኖቹ ርዝመታቸው ስለሚለያይ ከወጡበት ቦታ ጋር እያዛመዱ ወረቀት ላይ ያስቀምጡ።

3. ኤስኤስዲውን ያስገቡ። የሳታ ገመድ በአንድ በኩል ብቻ ነው የሚገጥመው፣ አያስገድዱት። ዴስክቶፕ ላይ አሮጌውን ዲስክ ለጊዜው ነቅለው ያቆዩ። ሁለቱ አብረው ካሉ ዊንዶውስ የማስነሻ ፋይሎቹን አሮጌው ላይ ሊያስቀምጥ ይችላልና፣ ያ ዲስክ የሞተ ቀን አዲሱም አይነሣም።

4. ራም የሚጨምሩ ከሆነ ጎድጎዷን አስተያይተው ጠቅ እስኪል ይጫኑ፤ የላፕቶፑ አጋደል ብሎ ገብቶ ወደ ታች ይተኛል። ሲነሣ ከጮኸ ወይም ስክሪኑ ጨለማ ከሆነ አውጥተው ወርቃማ ጥርሶቹን በንጹሕ ላጲስ ቀስ ብለው ያሻሹ፣ ብናኙን ጠርገው መልሰው ያስገቡ።

5. ፍላሹን ሰክተው ያስነሡ። ዴልና ሌኖቮ ላይ ኤፍ12፣ ኤችፒ ላይ ኤፍ9 ሲጫኑ ከየት ልነሣ ብሎ ይጠይቃል። ጭነቱ ሲያልቅ አሮጌውን ዲስክ መልሰው ይግጠሙ።

ሥራው ሲያልቅ ታስክ ማናጀርን ከፍተው የደረጃ 1ን ምርመራ ይድገሙ። ዲስኩ ከ100 ወርዶ ሜሞሪው አሁን 90 ከሆነ ቀጣዩ ወጪ ራም ነው። ሁለቱም ከረጉ ተጨማሪ ገንዘብ አያውጡ።

ደረጃ 7፦ ያሻሻሉትን ከመብራት ይጠብቁ

ዴስክቶፕ ያለው ሰው ለኤስኤስዲ ባወጣ ማግሥት ለዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ በባትሪ ለሚያቆየው መሣሪያ) ቢያስብ መልካም ነው። ስታቢላይዘር የሚያስተካክለው የኃይሉን ከፍና ዝቅ ማለት ነው፤ መብራት ሲጠፋ አብሮ ይጠፋል። ዩፒኤስ ደግሞ ፋይል አስቀምጠው በሥርዓት የሚያጠፉበት ደቂቃዎች ይሰጥዎታል። ውስጡ ያለው ባትሪ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ይደክማል፤ ያገለገለ ዩፒኤስ ሲገዙ ኮምፒውተር ሰክተውበት መብራቱን ነቅለው ይፈትኑት። አቅም ለጊዜው ካልፈቀደ መብራት በጠፋ ጊዜ መሰኪያውን ይንቀሉ፣ ተመልሶም ረጋ እስኪል ጥቂት ደቂቃ ቆይተው ይሰኩ።

ከላፕቶፕ የወጣው ሃርድ ዲስክ ጤነኛ ከሆነ በዩኤስቢ የሚሰካ መያዣ ገዝተው የመጠባበቂያ ማከማቻ ያድርጉት። መጠባበቂያው ከዋናው ኮምፒውተር ጋር አንድ ጠረጴዛ ላይ አይቀመጥ፤ ሌባም ውኃም ሁለቱን ባንድ ጊዜ ይወስዳል። ክሪስታል ዲስክ ኢንፎ ቢጫ ወይም ቀይ ያሳየበትን ዲስክ ግን ምንም አያስቀምጡበት። አሮጌውን ማሽን የሚሸጡ ወይም ለሰው የሚሰጡ ከሆነም ተራ ፎርማት አይበቃም፣ በነፃ ፕሮግራም ተመልሶ ይነበባል። በዊንዶውስ ሪሴት ውስጥ ዲስኩን ሙሉ በሙሉ አጽዳ የሚለውን መርጠው ሰዓታት ቢወስድም እስኪጨርስ ይተዉት፤ ይህን ማድረግ ካልቻሉ ማሽኑን ያለ ዲስክ ይሽጡት።